ጠብታዋን ቡና ላይ እንዳታደርጉ

ይድረስ ለእህቴ ለሰናይት
ሐዋሳ

ሰኒ፣ እንዴት ከረማችሁ? ማሙሽና ሚጡስ? እኔ ክብር ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁንና ደህና ነኝ። ያሳሰበችኝ እማዬ ናት። በስልክ ስናወራ ሳሉ መሀል መሀል እየገባ ወሬያችንን ሲቆርጠው ሰማሁ። «አቧራ ነው» ብላ አለፈችው። በነሐሴ ዝናብ ምን አቧራ አለ? ከሐይቁ በሚነሳው የንጋት ብርድ ኪዳን ለማድረስ ገብርኤል ስትሄድ የያዛት ጉንፋን ነው። ተይ ብትያትም እንደማትተው አውቃለሁ።

ለአዲስ ዓመት የሚመጣ የሰፈራችን ልጅ ዕቃ ይዞላችኋል። ሹራቡ ውስጥ የጠቀለልኳቸው ሁለት ትንንሽ ቡናማ ጠርሙሶች የባሕር ዛፍና የናና ዘይት ናቸው። ሳቂ እንጂ! ከፍራንክፈርት ወደ ሐዋሳ ባሕር ዛፍ መላክ ለአፋር ጨው እንደመላክ ነው። ዛፉስ ቢሆን በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ አይደል? እሱ አገሩን ሁሉ ሞልቶ ባለርስት ሆነ፣ እኔ እዚህ ገና ወረቀት እጠብቃለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ግን በአንድ ነገር ስለሰጋሁ ነው። እማዬ ጤና አዳም ቡናዋ ላይ ጣል እንደምታደርገው፣ ይህንንም «መድኃኒት ነው» ብላ ሲኒዋ ላይ ጠብ እንዳታደርግ። ጠርሙሱ ቅጠል አይደለም። 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ይይዛል፤ ይህን ያህል ለማውጣት ግን አንድ እቅፍ ቅጠል ይጣራል። አይጠጣም። ሕፃን ልጅ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ቢውጥ ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ይችላል። ስለዚህ ሚጡ ዳዴ ብላ ከማትደርስበት፣ ማሙሽም ወንበር ስቦ ከማያወርደው ቦታ አስቀምጪው።

በዘይቶቹ ለእማዬ ደረት የሚታሽ ቅባት ሥሪላት። አሠራሩ ቀላል ነው። ማር ስታነጥሩ የተረፈውን ሰም አቅልጠሽ በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥሪው። ሲደርቅ በቢላ ፈቅፍቂና አንድ የሾርባ ማንኪያ ለክተሽ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ዘይት ጨምሪበት። የወይራም ይሆናል፤ ግን ለዚህ ብለሽ ውድ ዘይት አትግዢ። ጎድጓዳ ሳህኑን የፈላ ውሃ ባለበት ድስት አፍ ላይ አስቀምጪ እንጂ እሳት ላይ አትጣጂው። ሰሙ ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ አውርጂና ታገሺ። ዳር ዳሩ መርጋት ሲጀምር 20 ጠብታ ባሕር ዛፍና 5 ጠብታ ናና አንጠባጥበሽ አማስይው። እሳት ላይ እያለ ከጨመርሽው መዓዛው በኖ ያልቃል። ዘይቱ ራሱ ቶሎ እሳት ስለሚይዝ ጠርሙሱ ከከሰሉ አጠገብ አይቀመጥ። ከዚያ በደረቀ የማርማላታ ብልቃጥ ገልብጪው። የፕላስቲክ ዕቃ ይቅርብሽ፣ ይህ ዘይት ፕላስቲክ ይበላል። ረግቶ በጣም ከጠነከረብሽ መልሰሽ አቅልጪና ትንሽ የሱፍ ዘይት ጨምሪ። «ሃያ ካለች አርባ ይሻላል» የምትል ጎረቤት ከመጣች እኔን ጥሪልኝ።

መጀመሪያ የእማዬ ክንድ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ትንሽ ቀብተሽ እስከ ማግስቱ እዪ። ካላቃጠላትና ካላሳከካት ማታ ስትተኛ ደረቷንና ጀርባዋን እሺላት። አፍንጫዋ ውስጥ አይገባም፤ ከዓይኗም አርቂው። ሚጡን ከማቀፍሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ሚጡን በጭራሽ እንዳትቀቢያት። እዚህ ጠርሙሱ ላይ ሳይቀር ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ክልክል ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ሽታው ጉሮሮዋን አጥብቆ ትንፋሽ ሊያሳጥራት ይችላል። ማሙሽም አስም ስላለበት ይቅርበት። ለሚጡ የጡትሽ ወተት ይበቃታል። ማር አንድ ዓመት ሳይሞላት አታቅምሻት። ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች፣ ጎኗ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም አልጠባም ካለች ነገ አትበይ፣ ሪፈራል ሆስፒታል ውሰጃት።

እማዬ መታጠኑን ከፈለገች እንደ ድሮው በቅጠል ትታጠን፣ እኔ አልከለክላትም። ብቻ ድስቱ ወለል ላይ አይቀመጥ፣ ልጆቹም አጠገቧ አይሁኑ። በፈላ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ልጅ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅባቱ ጉንፋኑን አያድነውም። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት፣ በ10 ቀን በራሱ ይለቃል። ናናውም ቢሆን አፍንጫ የተከፈተ ያስመስላል እንጂ አይከፍትም፤ ሜንቶሉ የሚነካው ቅዝቃዜ የሚሰማውን ነርቭ ነው። ቢሆንም ሌሊቱን እንቅልፍ ከወሰዳት ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ሐኪም ሳያዝላት አሞክሳሲሊን እንዳትገዢላት፤ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ደም ከቀላቀለ ወይም ማታ ማታ ላብ ካጠመቃት ግን የኔን ብልቃጥ ተይውና አስመርምሪያት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልጁ ሲመለስ ሻንጣው ባዶ ስለሆነ ሽሮ ላኪልኝ፤ በርበሬው ገና አላለቀም።

እህትሽ ሮማን