ከሰራተኛ ሰፈር እስከ ሮስኮመን፦ የእማዬን ዘመዶች ላገናኛችሁን በሙሉ

ሰላም ለሁላችሁም። ከአየርላንድ ከተመለስን ሰንበትበት ብለናል፣ እማዬ ግን ጠዋት ማታ «ምስጋናውን ጻፍሽ ወይ?» እያለች አላስቀምጥ ስላለችኝ ይኸው ቁጭ አልኩ። ይረዝማል፣ ቡና አፍሉና አንብቡት። ለሮስኮመኖቹ (የአየርላንድ ክፍለ ሀገር ነው) በእንግሊዝኛ ለብቻ ጽፌላቸዋለሁ፣ ይሄኛውን ጉግል ትራንስሌት ላይ ቢለጥፉት ምን እንደሚወጣላቸው እግዜር ይወቅ፣ ግን በአማርኛም መጻፍ ነበረበት ምክንያቱም እዛ ድረስ እጃችንን ይዞ ካደረሰን ሰው ግማሹ ሀበሻ ነው፣ ደግሞ እኔ የአየርላንድን ተረት የሰማሁት በአማርኛ ነው።

ለማታውቁን ባጭሩ፦ የእማዬ አባት አይሪሽ ናቸው። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ሲባረር ከእንግሊዝ ጦር ጋር መካኒክ ሆነው መጡ፣ ጦሩ ሲወጣ እሳቸው ቀሩ፣ ሰራተኛ ሰፈር ጋራዥ ከፈቱ፣ አገቡ፣ እማዬን ወለዱ፣ እሷ ገና ተማሪ ሳለች አረፉ። ሴት አያቴ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ከዛ ወዲህ ደብዳቤ የሚልክም የሚመልስም ጠፋ። የቀረው «ተልስክ» የሚል የመንደር ስምና ተረቶቹ ናቸው። አያቴ እማዬን ሲያስተኟት ያወሩላት የነበረውን እሷ ደግሞ ለእኔ፣ «ተረት ተረት» ብላ፣ እኔ «የላም በረት» ብዬ፣ እውነትም ሁሉም ስለ ከብት ነበር። ንግስቲቱና ባሏ አልጋ ላይ ተኝተው «የማን ሀብት ይበልጣል» ብለው ሲከራከሩ እቃ በእቃ በግ በበግ ሲቆጠር እኩል ይሆናል፣ አንድ ነጭ ቀንድ ያለው ኮርማ ብቻ ባልየው ጋ ይገኛል፣ ኮርማው የተወለደው ከሷ ከብቶች ነበር ግን የሴት ንብረት አልባልም ብሎ ወደ ባልየው መንጋ ሄደ፣ ከዛ ሴትዮዋ የሱን እኩያ ፍለጋ ጦር አስከትታ ሌላ አገር ዘመተች። እኔ ልጅ ሆኜ ንግስቲቱን የጎንደር እመቤት አድርጌ ነበር የምስላት፣ ጥልፍ ቀሚስ፣ ካባ፣ ሁሉ ነገር። ኋላ መጻፍ ስጀምር እንኳ አንድ አጭር ልብወለድ ውስጥ ከተትኳት፣ አንባቢም የኛው ተረት ነው ብሎ ተቀበለኝ።

እንግዲህ ምስጋናው ከዚህ ይጀምራል። መጀመሪያ የአየርላንድ ብሄራዊ ቤተ መዛግብት ሰዎች፣ የ1901 እና የ1911 (በፈረንጅ) የህዝብ ቆጠራ ቅጾችን ኦንላይን በነጻ ስላስቀመጣችሁልን። ከዛ በፊት የነበረው ቆጠራ አብዛኛው የለም፣ ከፊሉ ገና ዱሮ በመንግስት ትእዛዝ ተወግዷል፣ የተረፈው በ1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ ደብሊን ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ የነበረው መዝገብ ቤት ሲቃጠል አብሮ ሄዷል። የ1911ዱ ግን አለ፣ የአያቴ አባት በገዛ እጃቸው ሞልተው የፈረሙበት፣ አይሪሽና እንግሊዝኛ እንደሚናገሩ፣ ማንበብና መጻፍ እንደሚችሉ፣ ስንት ልጅ እንዳላቸው። አያቴ ያኔ አልተወለዱም። እማዬ ፊርማውን ስክሪን ላይ በጣቷ ስታጎላ ስታሳንስ አመሸች። ቀጥሎ ደብሊን ያለሽው ነርሷ እህታችን፣ ስምሽን አትጥሪ ስላልሽኝ አልጠራም፣ ከናይት ሽፍት ወጥተሽ ሳትተኚ ደብሩ ቢሮ ደውለሽ የክርስትና መዝገቡን ያስፈተሽሽልን፣ «አሁን እዚህ ያሉት የወንድማቸው ልጆች ናቸው» የሚለውን ዜና መጀመሪያ የሰማሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ ስልኩን ይዤ ስጮህ ጎረቤት በር አንኳኳ። የደብሩን ቄስም እግዜር ይስጣቸው።

ተልስክ ስንደርስ አክስቴ፣ ማለት የእማዬ የአጎት ልጅ፣ ሰማንያ አልፈዋል ግን መኪና ይነዳሉ፣ እኔ ብቻ ነኝ የፈራሁት፣ በር ላይ ቆመው እማዬን አይተው መጀመሪያ ያሉት «አፍንጫው! አፍንጫው የኛ ነው!» ነው። ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እማዬ ህጻን ሆና በነጭ ቀሚስ ሰራተኛ ሰፈር የተነሳችው ፎቶ ነበር፣ አያቴ የላኩት፣ ፖስታው ላይ የጃንሆይ ቴምብር አለ። ይሄን ሁሉ ዘመን ስሟን ሳያውቁ አስቀምጠዋት ኖረዋል።

አሁን አንድ ችግር፦ የሄድነው በጥቅምት መጨረሻ ነው፣ እማዬ ደግሞ ጽጌን ትጾማለች። የላም አርቢ ቤት! ቅቤው በሰሌዳ፣ ወተቱ በጆግ፣ እንግዳ መጣ ተብሎ ጎረቤት ሁሉ ኬክ ጋግሮ ይዞ ይመጣል፣ እማዬ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰአት ውሃም የለ። እኔ ማስረዳት ጀመርኩ፣ አክስቴ አቋረጡኝና በልጅነታቸው እነሱም የስቅለት ቀን ወተት የሌለው ጥቁር ሻይና ደረቅ ዳቦ ብቻ ይበሉ እንደነበር፣ «ጥቁር ጾም» ይሉት እንደነበር ተናገሩ፣ ከዛ በኋላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ከነጋታው ጀምሮ ድንቹ በዘይት፣ ካሮቱ በዘይት፣ አንዷ ጎረቤት ደግሞ ከሮስኮመን ከተማ ምስር ፈልጋ ገዝታ መጣች። ያቺን ሴትዮ ብቻዋን ማመስገን እፈልጋለሁ፣ በርበሬ ስለሌለው ምስሩ ምንም አይልም ነበር ግን እማዬ ሁለት ሳህን በላች።

ተረቶቹ የተፈጸሙበት ቦታ ደግሞ ከአክስቴ ቤት በመኪና አጠገባቸው ነው። ራዝክሮሃን ይባላል፣ የምእራብ አየርላንዱ የኮናክት ነገስታት መቀመጫ የነበረ፣ የንግስት ሜቭ፣ የዛች ለኮርማ የዘመተችው፣ ቤተ መንግስት። ግንብ ምናምን ጠብቃችሁ ከሄዳችሁ ምንም የለም፣ ሳር ነው፣ በሳር የተሸፈነ ወደ 90 ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ፣ ላይ ከብት ይግጣል። ዙሪያውን ከ240 በላይ ጥንታዊ ቦታዎች አሉ፣ መቃብሩ፣ ምሽጉ፣ የቆሙ ድንጋዮቹ። ጉብታው እስካሁን አልተቆፈረም፣ ከመሬት በላይ ሆነው በመሳሪያ አጥንተው ነው ዙሪያው 360 ሜትር የሚሰፋ ትልቅ ክብ አጥር እንደነበረው ያወቁት። እኔ በበኩሌ አለመቆፈሩን ወድጄዋለሁ።

ተልስክ ያለው የጎብኚዎች ማእከል አስጎብኚዎች፣ ለናንተ ምስጋናዬ ልዩ ነው። ልጁ ኦዊናጋት የሚባለው ዋሻ አፍ ላይ አቁሞን፣ የድመቶች ዋሻ ማለት ነው፣ በሳዊን ሌሊት፣ ያው ዛሬ ሃሎዊን የሚሉት፣ ከዚህ ዋሻ ምን ምን እንደሚወጣ ሲነግረን እማዬ ሶስቴ አማተበች። ጀግኖቹን የፈተኑ ሶስት አስማተኛ ድመቶች፣ ትንፋሻቸው ቅጠል የሚያደርቅ ወፎች፣ አገር የሚያጠፉ አሳማዎች። ከዛ ልጁ «አንዲት ሴት ደግሞ ነበረች፣ ጥጃዋ አምልጣት...» ሲል እማዬ እጇን አነሳች። እንደ ተማሪ። እንግሊዝኛዋ ብዙም አይደለም ግን ጥጃው ወደ ዋሻው ሲገባ ሴትዮዋ ጅራቱን ይዛ አልለቅም እንዳለች፣ በጨለማው ሌሊቱን ሙሉ እየጎተታት ሲነጋ ሌላ አገር በሌላ ዋሻ እንደወጣች፣ በእጇም በአፏም አድርጋ ጨረሰችው። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። የወጣችበት ዋሻ ጎረቤት ክፍለ ሀገር ስላይጎ ውስጥ ኬሽ የሚባል ተራራ ላይ ነው፣ አያቴ ስሙን ሳይነግሯት ቀርተው ነው እንጂ ቦታው አለ፣ አየነው፣ ከመንገድ ላይ ይታያል። «ይሄን የት ሰማሽ?» ሲላት «አዲስ አበባ» አለችው።

ወደ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። መግቢያው በሰው የተሰራ ጠባብ የድንጋይ ቀዳዳ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ከዛም ተኝቶ ነው የሚገባው፣ ጉበኑ ላይ ኦጋም በሚሉት የጭረት ፊደል «የሜቭ ልጅ የፍሬህ» የሚል ተቀርጿል፣ ከዛ በኋላ የተፈጥሮ ዋሻ ይሆንና ቁመቱ ከፍ ይላል፣ ጭቃው ግን ጭቃ ነው ልበላችሁ። መሬቱ የገበሬ ስለሆነ በሩን ከፍቶ ለሚያስገባን ባለቤትም አመሰግናለሁ።

የአክስቴ ልጅ የሚያርሰው መሬት ላይ ደግሞ ክብ የአፈር ምሽግ አለ፣ ራዝ ይሉታል፣ አገሩ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አሉ፣ መሀሉ ሆውቶርን የሚባል እሾሃማ ዛፍ በቅሎበታል። ትራክተሩ ጂፒኤስ ያለው ዘመናዊ ነው፣ እዛ ሲደርስ ግን ይዞራል። ለምን ብዬ ስጠይቀው ኮስተር ብሎ «አያቴም ዞረዋል፣ አባቴም ዞሯል፣ እኔ ነኝ እንዴ አሁን የምጀምረው?» አለኝ። ክሌር በሚባለው ክፍለ ሀገር በ1999 መንገድ ሊሰራ ሲል ኤዲ ሌኒሃን የሚባሉ ተረት ሰብሳቢ አንድ እንዲህ አይነት ዛፍ እንዳይቆረጥ ተከራክረው፣ የመንገዱን ፕላን አስተካክለው ዛፉን ትተውታል። እማዬ ይሄን ሁሉ አስተርጉሚልኝ አላለችም፣ ዛፉን አንዴ አይታ «አድባር ነው» ብላ ጫማዋን አስተካክላ ራቅ ብላ ቆመች።

ስትሮክስታውን መሄዳችንን ነው ለመጻፍ የከበደኝ። የረሀብ ሙዚየሙ እዛ፣ የድሮ ባለርስት ግቢ ውስጥ ነው። ከ1845 እስከ 1852 ድንቹ በበሽታ ሲበሰብስ አንድ ሚሊዮን ሰው ገደማ ሞተ፣ ከዛ የሚበልጥ ተሰደደ፣ ሮስኮመን ደግሞ በአስር አመት ውስጥ ሲሶ ያህል ህዝቧን አጣች፣ የደሴቱ ህዝብ ዛሬም 1841 ላይ የነበረውን አላከለም። ከዚህ ርስት በ1847 አንድ ሺህ አራት መቶ ዘጠና ጭሰኞች ተነስተው ቦዩን ይዘው ወደ 165 ኪሎ ሜትር በእግር ደብሊን ድረስ ሄዱ፣ ከዛ በመርከብ ካናዳ፣ ግማሽ የሚሆኑት ሳይደርሱ አልቀዋል። በመንገዱ ላይ የልጆች ጫማ በነሀስ ተሰርቶ በየቦታው ቆሟል። እማዬ ሰባ ሰባትን አይታለች፣ ወሎ ሳይሆን አዲስ አበባ ሆና ነው፣ ግን አይታለች፣ ጫማዎቹ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ማታ እሳት ዳር አክስቴ በዛን ጊዜ፣ በነሱ 1985፣ በሁዳዴ ትሮከራ የሚባለው የእርዳታ ድርጅት የሚያድላትን የካርቶን ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ልጆቹ ከረሜላ ትተው ለኢትዮጵያ ሳንቲም ይጥሉ እንደነበር ተናገሩ፣ ያኔ የአጎታቸው ልጅ እዛው አገር እንዳለች ሳያውቁ። ሁለቱም ትንሽ ዝም ብለው ቆይተው አክስቴ «ባውቅ ኖሮ ከሳንቲሙ ጋር ደብዳቤ እጨምርበት ነበር» ሲሉ እማዬ ሳቀች፣ ከዛ አለቀሰች፣ ከዛ ሁላችንም።

ስላይጎ ኖክናሬ ተራራም ወጥቻለሁ፣ 327 ሜትር ነው፣ አናቱ ላይ ያለው የድንጋይ ክምር የሜቭ መቃብር ነው ይባላል፣ ጠላቶቿ ወደ ነበሩበት ወደ አልስተር ዞራ ቆማ ተቀበረች ይላሉ፣ እማዬ መኪና ውስጥ ጠበቀችኝ። ኒውግሬንጅ የሚባለውን ጥንታዊ መቃብርም አየን፣ ከ5 ሺህ አመት በላይ የሆነው፣ በታህሳሱ አጭር ቀን ጸሀይ በመስኮቷ ገብታ 19 ሜትሩን መተላለፊያ አልፋ ውስጡን የምታበራው፣ ግሩም ነው፣ ግን አውቶቡስና ቲኬት ወረፋው በዛብኝ፣ እኔ የተልስክ ከብቶች ይሻሉኛል።

በመጨረሻም እማዬ እግሯ ወለም ሲላት እቤት ድረስ መጥተው ላሰሩላት ዶክተር፣ ቁልቁለቱን በጀርባው ላወረዳት ያክስቴ ልጅ፣ አውቶቡሱን ከፌርማታው አሳልፎ በራችን ላይ ላወረደን ሹፌር፣ ደብሊን እንጀራና ሽሮ ይዛችሁ ኤርፖርት ድረስ ለመጣችሁ ልጆች፣ ጋቢውን ላዋሳችሁን (ታጥቦ በፖስታ ይመጣል)፣ ለአክስቴና ለቤተሰባቸው በሙሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብድራችሁን ይክፈለው።

አክስቴ ለጥምቀት አዲስ አበባ ሊመጡ ቲኬት ቆርጠዋል። የአጎታቸውን ጋራዥ ቦታ ማየት ይፈልጋሉ፣ እማዬ አቅጣጫውን ታስታውሳለች ግን ሰፈሩ ብዙ ፈርሷል ይሉናል፣ ሰራተኛ ሰፈር ያደጋችሁ ወይ አባቶቻችሁ «የፈረንጁ ጋራዥ» የሚሉትን የሚያስታውሱ ካላችሁ እባካችሁ ኢንቦክስ አርጉልኝ።