ከስድስት ክረምት በኋላ፣ ለይኄይስ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለይኄይስ፤

እንደምን ሰነበትክ? «እንደምን ከረምክ» ነው መባል ያለበት፤ ስድስት ክረምት አለፈ። ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን በየደጁ እያነደደ ከተማው በጭስ ታፍኗል። ሐይቁ ከቤቴ ደጅ አይታይም። ዓይኔ እያለቀሰ ነው የምጽፍልህ፤ ጭሱ ነው ብለህ እለፈው።

ይህን ማስተዋል እንደምታነብልህ አውቃለሁ፤ የመጨረሻው ደብዳቤህም በእሷ እጅ ጽሕፈት ነበር። ማስተዋልዬ፣ እንግዳ ቃል ሲገጥምሽ አትቸኩዪ። አባትሽ ካልገባው ጥፋቱ የኔ እንጂ ያንቺ አይደለም።

በዚያ ደብዳቤ የጠየቅከኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ይኼን ሁሉ ዓመት የአይጥ ዓይን ስታይ ኖረህ ለኔ ዓይን ምን አገኘህ?» አልመለስኩልህም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ማን ይመረምረኛል? እውነቱ ግን «ምንም» ብዬ እንዳልጽፍ እጄ እምቢ አለኝ፤ «አለ» ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ ሕሊናዬ። አንድ ሳምንት አሳደርኩት፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ማፈር መጣ። ዛሬ ያለውን እንዳለ እጽፍልሃለሁ።

ሹም አቦ፣ ሐይቁ ዳር፣ የዋኘንበትን ቀን ታስታውሳለህ? አራተኛ ክፍል ነበርን መሰለኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልብሳችንን አንሥተን አንተን ከደንገሉ መሐል ትተንህ ሮጥን። ለቀልድ ነበር። እኛ ዛፍ ሥር ተደብቀን ስንስቅ አንተ ቀጥ ብለህ ቆመህ፣ እጅህን ወደ ፊት ዘርግተህ ስማችንን በየተራ ትጠራ ነበር። መንገዱ ካንተ አሥር እርምጃ አይርቅም፤ ለእኛ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ዳፍንቱ» የሚለውን ስም ያን ማታ ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተጠራህበት።

እናትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በማግስቱ ጉበት ጠብሰው አበሉህ። የአገራችን ሰው ከጥንት ያወቀው ነገር ነው፤ ዳፍንት ከቫይታሚን ኤ እጥረት ሲመጣ ጉበት ይፈውሰዋል። አንተ ግን ስንቱን ጉበት በልተህ ፈቀቅ አላለም። ያንተ ከምግብ ሳይሆን ከዘር የመጣ ነበር። ሐኪሞቹ ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ የሚሉት ነው፤ ከ4,000 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል።

ከዓይን ኳስ ጀርባ፣ በውስጥ በኩል፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ የሆነ ሽፋን አለ። ሬቲና ይባላል። ብርሃን የሚቀበሉት ሴሎች ያሉት እዚያ ነው፤ ሁለት ዓይነት ናቸው። ዘንግ የሚመስሉት ለጨለማ የተሠሩ ናቸው፤ የኮከብ ብርሃን እንኳ ይበቃቸዋል። ሾጣጣዎቹ ደግሞ ለቀንና ለቀለም፣ ፊደል ለማንበብና ፊት ለመለየት ናቸው። አንተ ላይ የታመሙት ዘንጎቹ ናቸው። ቀን ከእኛ እኩል ኳስ ስታሳድድ ውለህ ሲመሽ የምትጠፋን ለዚያ ነበር።

የእኔን ሥራ ደግሞ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ስለሠራህ በመዝገብ ቤት ላስረዳህ። በሰውነትህ ያለ ሴል ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት መዝገብ ይዟል፤ የጉበትህም የዓይንህም ያው ነው። የሚለያያቸው የትኛው ፋይል ወጥቶ ተገለበጠ የሚለው ነው። ዋናው መዝገብ ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ ወደ ሥራ የሚሄደው ግልባጩ ነው፣ አር ኤን ኤ የሚሉት። ዘንግ ሴል ብርሃን የሚይዘውን ፕሮቲን የሚያሠራውን ፋይል ሌት ተቀን ይገለብጣል፤ ጉበት ያንኑ ፋይል ሳይከፍተው ይኖራል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ግልባጭ ስቆጥር ነው። በስንተኛው ቀን፣ ከየትኛው ፋይል፣ ስንት ወጣ። በቃ።

ለምን በአይጥ? የአይጥ እርግዝና ሃያ ቀን ቢሞላ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ገደማ የሬቲና ሴሎች መወለድ ይጀምራሉ፤ ቢደራረቡም ተራቸው አይፈርስም። ወደ አንጎል መልእክት የሚወስዱት ይቀድማሉ፣ ሾጣጣዎቹም ገና በማሕፀን ሳለች ይወጣሉ፣ ዘንጎቹ ግን አብዛኞቹ በውልደቷ ሰሞን ናቸው። ዓይኗ የሚከፈተው ከተወለደች ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ነው። በሰው ማሕፀን ውስጥ ተሸሽጎ የሚያልፈው ሥራ በአይጥ ግማሹ ከእናቷ ውጭ፣ ዓይንህ ሥር ይሠራል።

ፋይል ያልኩህን እኛ ጂን እንለዋለን። ኤን አር ኤል የሚባል ጂን አለ፤ ሌሎች ፋይሎች እንዲወጡ የሚያዝ ዋና ጸሐፊ በለው። በፈረንጆቹ 2001 (ከዚህ በኋላ የምጠራልህ ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው) ይህን ጂን ያጠፉባት አይጥ አንድም ዘንግ ሳይኖራት ተገኘች። ዘንግ ሊሆኑ የነበሩት ሁሉ ሾጣጣ ሆነው ነበር። ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በኋላ እመለስበታለሁ።

ያንተን ዓይነት በሽታ ያለባት አይጥ ከተገኘች መቶ ዓመት ሆናት። ኪለር የሚባል አሜሪካዊ የአይጥ ዓይን ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ዘንጎች የሌሉበት አጋጠመው፤ በ1924 ጽፎ አወጣው። የተበላሸው ጂን ማን እንደሆነ ለመታወቅ ግን እስከ 1990 ቆየ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ጂን ተበላሽቶ በሰዎች ላይም ተገኘ።

ብልሽቱ ምን እንደሆነ ለመረዳት ጨራ ጨራን አስበው። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ያለውን በር፤ ሲከፈት ውኃው ይሄዳል፣ ሲዘጋ ሐይቁ ይይዛል። ዘንግ ሴል በጨለማ በሩ ክፍት ነው። ብርሃን ሲያርፍበት አንድ ኢንዛይም በሩን ያዘጋል፤ «አየሁ» የሚለው በመዝጋት ነው። በእነዚያ አይጦች የማይሠራው ይኸው ኢንዛይም ነው። በሩ እንደተከፈተ ይቀራል፣ ሴሉም ከአቅሙ በላይ ገብቶበት ይሞታል። ሞቱ የሚጀምረው በተወለደች በስምንተኛው ወይም በአሥረኛው ቀን ነው፤ ዓይኗ ሳይከፈት ማለት ነው። በሦስት ሳምንት ዘንጎቿ አልቀዋል። ሰው ላይ ይህ በዓመታት የሚቆጠር ስለሆነ ነው አንተ ሃምሳ ዓመት ሊሞላህ ሲል እንኳ በመቃ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው መሐል መሐሉን የምታየው።

የራሴን ጉድ ደግሞ ስማ። ተማሪ ሳለሁ የታመመችና የጤነኛ አይጥ ሬቲና እየፈጨሁ ግልባጫቸውን አነጻጽር ነበር። በታመመችው የዘንግ ጂኖች ሁሉ ወርደው አገኘኋቸው። «በሽታው እነዚህን ጂኖች ዝም ያሰኛል» ብዬ አሥራ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። መምህሬ አንብበው አንዲት ጥያቄ በእርሳስ አሰፈሩበት፤ «ዘንጎቹ በሕይወት አሉ?» የሉም። ለካ ጂኑ ዝም አላለም፣ የሚናገረው ሴል ሞቷል።

ይህ ነገር ሌላውም የሚስተው ነው። የጊዮርጊስን ማኅሌት ከሩቅ ሆነህ ስትሰማ ድምፁ ቢቀንስ፣ ደብተራዎቹ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ወይስ ግማሾቹ ወደ ቤታቸው ሄደው? ከሩቅ መለየት አይቻልም፤ ገብተህ አንድ በአንድ መቁጠር አለብህ። ሬቲና ሲፈጭ ሁሉም ይደባለቃልና እኛም ለዓመታት ከሩቅ ነበር የምንሰማው። በ2015 ግን እያንዳንዷን ሴል በየራሷ ጠብታ ውስጥ አግልለው ግልባጯን ለብቻ ማንበብ ቻሉ። ከአይጥ ሬቲና 44,808 ሴል አንብበው በ39 ዓይነት መደቡት። ያኔ እኔ ከላብራቶሪ ወጥቼ እዚህ ማስተማር ጀምሬ ነበር። ቀናሁ፤ አልደብቅህም።

አሁን አንተን ወደሚመለከተው መጣሁ። ጥፋቱ በዘንጎቹ ጂን ውስጥ ከሆነ ሾጣጣዎቹ ለምን ይሞታሉ? ያንተ የቀን ዕይታ ለምን እየጠበበ መጣ? ሾጣጣዎቹ ጤነኛ ናቸው፤ ያ ጂን ለእነሱ ሥራ የለውም። በ2009 አራት ዓይነት አይጥ አሰለፉ፤ በሁሉም የተበላሸው የዘንግ ጂን ነው፣ ጂኑ ግን በየአይጧ ይለያያል። ሾጣጣዎቹ መሞት የጀመሩት ዘንጎቹ ካለቁ በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜ መጠናቸው ከተለወጡት ግልባጮች ትልቁ ድርሻ ምግብን ከመጠቀም ጋር የተያያዘው ሆነ። እየተራቡ ነበር! ከመቶ ብርሃን ተቀባይ ዘጠና ሰባቱ ዘንግ ነው በአይጥ፤ በእኛም ብዙ አይርቅም። ከመቶ አባል ሦስት ብቻ የቀረው እድር ምን ይሆናል? ድንኳኑን የሚሸከም የለም፣ ወጭቱን የሚያዘጋጅ የለም። ለእነዚያ አይጦች ኢንሱሊን ሲወጉላቸው ሾጣጣዎቹ ቆዩ። አልዳኑም፣ ቆዩ። (ተነሥተህ ኢንሱሊን እንዳትወጋ አደራ፤ ስኳር የሌለበትን ሰው ይገድላል።)

በ2013 ደግሞ ያን ዋና ጸሐፊ፣ ኤን አር ኤልን፣ ባደገች በታመመች አይጥ ላይ አጠፉት። ዘንጎቹ ሙሉ ሾጣጣ አልሆኑም፤ ግን ወደዚያ ያዘነበለ ነገር ሆነው ከሞት ዘገዩ፣ ሾጣጣዎቹም ተረፉ። እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ መድኃኒት ለመምሰል በቃ። ለአይጥ።

እንግዲህ መልሴ። ከአይጥና ከውሻ ተነሥቶ ሰው ጋ የደረሰ ሕክምና አለ፤ አር ፒ ኢ 65 የሚባለው ጂን ለተበላሸባቸው። ጤነኛውን ጂን ዓይን ውስጥ ይከቱላቸዋል። በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ አሜሪካ ፈቀደችው፤ ዋጋው ለሁለት ዓይን 850,000 ዶላር ተባለ። ማስተዋል፣ ቁጥሩን አልተሳሳትሽም። የሚያገለግለው ደግሞ ለዚያ ጂን ብቻ ነው፤ ያንተን ዓይነት በሽታ የሚያመጡ ጂኖች ግን ከሃምሳ ይበልጣሉ። አይጥ ደግሞ አንተ የተረፈችህ ያቺ የመሐል ዕይታ፣ ማኩላ የምንላት፣ የላትም። በአይጥ የሠራ ሁሉ በሰው ይሠራል የሚልህን አትመነው፤ በተለይ ገንዘብ ከጠየቀህ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያንተ የትኛው ጂን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ስድስት ዓመት ዝም ያልኩብህ ነገር ይኸው ነበር፤ «መድኃኒት አለ ወይ» ለሚለው ሳይሆን «የትኛው ነው» ለሚለው መልስ ማግኘት ይቻል ነበር። ትንሽ ደም ነው የሚፈልገው። የድሮ ባልደረቦቼን ጠይቄአለሁ፤ ፈቃድህን በጽሑፍ ከሰጠህ ናሙናውን ተቀብለው ያነብቡልኛል። ያንተ ጂን ስም ከታወቀ ሙከራ በተጀመረ ቁጥር ስምህ የት እንደሚገባ እናውቃለን። ላይጀመርም ይችላል።

ስለ ልጆቹ መጨነቅህን አውቃለሁ። ከቤታችሁ ካንተ በቀር የታመመ ስለሌለ፣ አባትህም እናትህም አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ሳያውቁ አውርሰውህ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። እንደዚያ ከሆነ ልጆችህ አንዱን ቅጂ ቢይዙም፣ ሌላውን ጤነኛ አድርጋ እናታቸው ሰጥታቸዋለችና አይታመሙም፤ እሷም ያንኑ ካልያዘች በቀር። ሽማግሌዎቻችን ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲያስቆጥሩ ጂን የሚባል አልሰሙም፤ ግን ሁለት የተበላሸ ቅጂ አንድ ቤት እንዳይገናኝ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ምርመራ እኔም አላውቅም። ግምቴ ግን ግምት ነው፤ ደሙ ይናገር።

ጥር ላይ ኑ። ከተራንና ጥምቀትን እዚህ እንዋል፤ ከበዓሉ በኋላ ደምህን እናስቀዳለን። ቤቴ ጠባብ ቢሆንም ለእናንተ አይጠብም። ሹም አቦ ዛሬ ሌላ ቦታ ሆኗል፤ ደንገሉ ሳስቷል፣ አሳ ጠባሾች በዝተዋል። አንድ ቆሮሶ አስጠብሰን ያን ቦታ እንፈልገው፤ በቀን።

ማስተዋልዬ፣ ይኼን የመጨረሻውን ላንቺ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን መኪና እንዳትይዙ፤ መንገድ ላይ ይመሽባችኋል። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት የሚወጣው ይሻላል። እኔ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ስሙን እጠራለሁ፤ ይኄይስ ብዬ።

ወንድምህ አዲሱ