ሥዕልሽ እኔ ዘንድ ነው

ኅዳር 2018 ዓ.ም.

አንቺዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ባሕር ዳር ሙቀቱ ጀመረ ወይስ ገና ነው? መጥፋቴን አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ። ግን አንቺስ ብትሆኚ አንድ ቀን «አለሽ ወይ?» ብትይኝ ምን ነበረበት? እሺ፣ ትቼዋለሁ። ኩርፊያሽን ስለማውቀው ነው።

የጻፍኩልሽ ስለ «ሰልፉ» ሥዕልሽ ነው። የአራት ኪሎው፣ የዝናቡ።

እኔ ዘንድ ነው። ደህና ነው ልልሽ ፈልጌ ነበር። ደህና አይደለም። ቆይ፣ በሥርዓቱ ልንገርሽ።

ካዛንቺስ መፍረሱን ሰምተሻል። የኛም ቤት አብሮ ሄደ። መስከረም 2017 ነው፣ በሁለት ቀን ውስጥ ዕቃችንን አወጣን። ያቺን የኮባ ተክል፣ የቀለም መጥረጊያ ያደረግናትን በር፣ ሁሉንም ትተን ወጣን። ትልልቆቹን ሸራዎች አይሱዙ ላይ ጫንን። ላስቲክ አልበቃንም። ያንቺን ሌላው እንዳይጫነው ብዬ ከላይ አደረግሁት። መንገድ ላይ ዝናብ ወረደብን። የነሐሴ እንጂ የመስከረም አይመስልም ነበር። ላስቲኩ ከግርጌ በኩል ተገልጦ ኖሯል፣ ስናወርደው የታችኛው ግራ ማዕዘን ርሷል።

የባሰውን ግን የሠራሁት እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነበር። ሳላደርቀው ግድግዳ አስደግፌ ተውኩት። ከሳምንት በኋላ ስገልጠው አቡጀዲው ላልቷል፣ ጀርባው ሻግቷል። በኮላ የለወስነው ነጭ መደብ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል። ቢጫ ፌስታል ራሷ ላይ ያጠለቀችዋ ልጅ፣ ከሰልፉ መጨረሻ የቆመችው፣ እግሯ የለም። ውኃው ላይ የወደቀው ቢጫ ጥላዋም ረግፏል። መዳፍ የምታህል ቦታ ናት። ግን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ።

የረገፈውን በሙሉ በወረቀት አንስቼ ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጫለሁ። አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ይኸው ነገርኩሽ። መጀመሪያ የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን እፍረት ነው። ስልኩን አንስቼ ስምሽን አይና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር እንደዚያ አለፈ።

አሁን ምን ተገኘና ጻፍሽ ትዪኛለሽ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል አንድ ሰፊ ግቢ ተከራይተናል። ሰባት ነን። ሁለቱ ገና አምና ከኛው ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። አንዷ ፎቶ አንሺ ነች፣ አንዱ ብረት ይበይዳል፣ ጎረቤት በጩኸቱ ይነጫነጫል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግቢውን ከፍተን የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናችንን እናሳያለን። ልጆቹ ዕቃ ሲያስተካክሉ ሰልፉን አገኙት። ዞር ብዬ ሳይ ሁሉም ቆመው ያዩታል። «ይሄ የማነው?» አሉኝ። ስነግራቸው «አሁን ምን እየሠራች ነው?» አሉ። ምን ልበላቸው? ልጆች ሥዕል ታስተምራለች አልኳቸው። እውነት ነው አይደል? አሁንም ታስተምሪያለሽ?

ጭቅጭቁ ከዚህ ይጀምራል። ልጆቹ እንዳለ ይሰቀል ይላሉ። ሥዕሉ ስለ ዝናብ ነው፣ ዝናብ ነክቶታል፣ ምን ችግር አለው ባይ ናቸው። ከተማው ሲፈርስ ያገኘው ጠባሳ ነው፣ ይታይ ይላሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል። እኔን ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ያንን ጠባሳ አንቺ አልሣልሽውም። የኔ ቸልተኝነት ነው ያመጣው። ቸልተኝነቴን ባንቺ ስም ፈርሜ ልሰቅል አልችልም።

የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ ጥቅምት 2017 ሲከፈት የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስታወት ሥዕልም አብሮ ታድሷል። 150 ካሬ ሜትር ነው፣ ከ60 ዓመት በላይ ቆሞ የኖረ። እንደገና ብርሃኑን ሰጠ እንጂ እርጅናው ያምርበታል ብሎ የተወው የለም። ይህንን ለልጆቹ ነገርኳቸው። አንደኛው «እሱ መስታወት ነው» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ግን እንዴት ያሉ ልጆች መሰሉሽ! እኛ ትምህርት ስንጨርስ ትዝ ይልሻል? ወይ የፈረንሳዩ አሊያንስ፣ ወይ የጀርመኑ ጎተ የባህል ማዕከል፣ ወይ የብሔራዊ ሙዚየም አዳራሽ። ከዚያ ውጪ ሥራሽን ይዘሽ የምትሄጂበት አልነበረም። ወረፋው ራሱ ያስረጅ ነበር። አሁን ቅዳሜ ሁለት ሦስት መክፈቻ ይገጥምና የቱ ጋ ልሂድ ትያለሽ። አንቺ ስትሄጂ ዞማ ሙዚየም ገና ነበር። 2011 ላይ መካኒሳ ተከፈተ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፣ የአያቶቻችን ቤት የተሠራበት። ግን እጅሽን ሳታሳርፊበት አታልፊም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከመርካቶ የሚሰበስበውን የኮምፒዩተር ሽቦና ቅንጣቢ እየሸረበ ዓለም ያየዋል። እኛ እኮ እዚያው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የምንሄደው ለፍሬም እንጨት ብቻ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሽቦ አጠገብ አልፈን!

በ2016 ደግሞ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርዒት ላይ የራሷን ፓቪሊዮን፣ የራሷን ማሳያ አቆመች። ሠዓሊው ተስፋዬ ኡርጌሳ ብቻውን ሞላው። ከኛው ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ! ዜናውን ስሰማ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበሩት እናት «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ?» አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ያኔ ልደውልልሽ ነበር። ለምን እንዳልደወልኩ እኔም አላውቅም።

ሁሉም አምሯል እያልኩሽ አይደለም። ቀለም ጣራ ነክቷል። ጥሩ ሸራ የሚገኘው ከውጭ ለሚመጣ ሰው ስታስልኪ ነው። ኪራያችን የስድስት ወር ቅድሚያ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ቤቱ የኛ ይሁን አይሁን አናውቅም። ካዛንቺስን ያየ ሰው ግድግዳ ላይ ሚስማር ሲመታ እጁ ይከብደዋል። ልጆቹ ግን ይመታሉ። በቴሌግራም ሥራቸውን ያሳያሉ፣ ገዢው ግቢ ድረስ ይመጣል። እኛ አስተማሪያችን «ጥሩ ነው» እስኪለን ሳምንት እንጠብቅ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። ይሰቀል ትያለሽ ወይስ አይሰቀል? ከተሰቀለ፣ ላድሰው ወይስ እንዳለ ልተወው? ካደስኩት ደግሞ ያንን ቢጫ በምን በምን ለወስሽው? እኔ አራት ጊዜ ሞከርኩ፣ ወይ ሎሚ ይሆናል ወይ እርድ። ያንቺ ውስጥ ትንሽ ቆሻሻ ነገር አለ፣ አመድ የመሰለ። ምንድን ነው?

ወይም... ይቺን ለመጻፍ ሳመነታ ነው የቆየሁት። ራስሽ ብትመጪስ? ለሁለት ቀን። ልጆቹን እናትሽ ይይዙልሻል። እኔ ጋ ታድሪያለሽ። እግሯን ራስሽ ትሥይላታለሽ። ብሩሽ ካነሳሁ ስንት ዓመቴ እንዳትዪኝ። ባለፈው የልጅሽን ልደት ፎቶ ስትለጥፊ ከኋላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አይቼዋለሁ። የሕፃን እጅ አይደለም እሱ። አልተናገርኩም እንጂ አይቼዋለሁ።

ተቆጪኝም ከሆነ ተቆጪኝ። በስልክ ስደቢኝ። ብቻ ዝም አትበዪኝ፣ ዝምታውን ካንቺ ይልቅ እኔ ነኝ የለመድኩበት።

የጉዳቱን ፎቶ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ ከቅርብም ከሩቅም። መስኮቱ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ይዤልሻለሁ፣ የጠዋት ብርሃን በደንብ ያገኘዋል። ልጆቹ ሌላ ሥራ ሊሰቅሉበት ሲሉ ከለከልኳቸው። እስከ ሐሙስ ንገሪኝ።

ናፍቀሽኛል።

ያንቺዋ