ለአብሮ አደጌ፦ ስለ አበባዮሽና ስለ አኩኩሉ

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹ፣ ባለቤትሽ፣ እናትሽ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጭቃው ብቻ ነው ያስቸገረን። ከተጻጻፍን እኮ ቆየን! አንቺም ሥራና ልጅ፣ እኔም ሥራና ልጅ፣ "ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ" ስንል ጊዜው ነጎደ። ትንሿ ልጅሽ ለዕንቁጣጣሽ ዝግጅት አበባዮሽን ስትለማመድ የቀረጽሽውን ቪዲዮ ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። በቴሌግራም ሁለት መስመር ልመልስልሽ ብዬ ጀመርኩ፣ ነገሩ ረዘመ፣ ደብዳቤ ሆነ።

ልጅሽ ታምራለች። ቀሚሱም፣ ድምጿም። አማርኛዋማ ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች አያስመስላትም። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ብቻዋን ነው የምትዘፍነው። እሷ "አበባዮሽ" ትላለች፣ "ለምለም" የሚለው ከስፒከሩ ይመጣል።

እስቲ አስቢው። እኛ ጉለሌ ስናድግ ከተጫወትነው ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የሚጨርሰው ዘፈን ነበር? አውራጅ አለች፣ ተቀባዮች አሉ። "መሐረቤን ያያችሁ" ብላ ከጀርባችን የምትዞረዋ ልጅ "አላየንም" የሚላት ክብ ያስፈልጋታል። ወደ ኋላ መዞር ክልክል ነው፣ ጨርቁ ከኋላሽ ይጣል አይጣል የምታውቂው ከጓደኞችሽ ፊት ነው፣ እነሱ ደግሞ ሳቃቸውን አፍነው ይዘምራሉ። እንቆቅልሽም "ምን አውቅልሽ" የሚል ከሌለ አይጀመርም። መልሱ የጠፋባት አገር ትሰጣለች፣ ጎንደርን ወይ ሐረርን የተቀበለችውም ትንጎራደድባታለች። እቴሜቴ የሎሚ ሽታማ መዳፍሽን የሚመታ ሌላ መዳፍ ከሌለ ምኑን ጨዋታ ሆነ?

ከሁሉም የሚገርመኝ አኩኩሉ ነው። ፈላጊዋ ዓይኗን ጨፍና እንደ ዶሮ "አኩኩሉ!" ትላለች፣ ተደባቂዎቹ "አልነጋም!" ይላሉ። እንዲነጋ የሚፈቅዱት እነሱ ናቸው፣ ፈላጊዋ ካልተፈቀደላት አትንቀሳቀስም። ግን ደግሞ በመለስሽ ቁጥር ድምፅሽ የት እንዳለሽ ያሳብቃል። ዝም ካልሽ ደግሞ ነግቷል ብላ ትመጣለች። አንቺ ከእንሰቱ ሥር ሆነሽ አፍሽን በመዳፍሽ ከልለሽ ድምፁን ወደ በረቱ በኩል ስትልኪው ትዝ ይልሻል? በአንዲት ቃል ውስጥ ይህን ሁሉ ብልሃት ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም።

ታዲያ ማን አስተማረን? ብዙ ሰው የልጆች ጨዋታን ያጠፋው ስልክ ነው ይላል። ስልክ የራሱ ድርሻ አለው፣ አልክድም። እኔ ግን እያየሁ እያየሁ ሌላ ነገር ነው የገባኝ። እናቶቻችን አይደሉም ያስተማሩን። እነሱ እንጀራ ላይና ቡና ላይ ነበሩ። ያስተማሩን በሁለት በሦስት ዓመት የሚበልጡን የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ታናሽ እህት ያዘለችዋ፣ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ጀሪካኗን አስቀምጣ ሱዚ የምትዘልዋ። ሱዚን መጀመሪያ የያዝነው ለእነሱ ነው፤ ላስቲኩን ቁርጭምጭሚታችን ላይ አድርገን ቆመን እያየን ተማርን። ቅልሞሽም እንደዛው፣ ጠጠሯ ወደ ላይ ስትወረወር ከመሬት የሚለቀመውን አፍጠን እናያለን። ዛሬ ልጆች በዕድሜ ተከፋፍለው ነው የሚውሉት። ትምህርት ቤት ከእኩያ ጋር፣ ማታ የቤት ሥራ፣ ከዚያ በር ይዘጋል። ትልቅና ትንሽ የሚቀላቀልበት ቦታ ሲጠፋ ዘፈኑ የሚተላለፍበት መንገድም ተቋረጠ። ለዚህ ነው ሰፈር ውስጥ በዕንቁጣጣሽ የሚመጡ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ብለው ብሩን ተቀብለው የሚሄዱት። ቀጣዩን የሚያወርድ ትልቅ ልጅ የላቸውም።

ቀጣዩ ደግሞ እኮ ነው ዋናው! "ባልንጀሮቼ ቁሙ በተራ፣ እንጨት ሰብሬ ቤት እስክሠራ" ብላ ትጀምርና ቤትም አጥርም እንደሌላት፣ ደጅ አድራ ኮከብ እንደምትቆጥር፣ ስትገባም የእንጀራ እናቷ እንደምትቆጣት ትናገራለች። አዲስ ቀሚስ ለብሰን፣ አደይ አበባ ይዘን፣ እየሳቅን ያንን ሁሉ ብሶት እናወርድ ነበር። ትርጉሙ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፣ አሁን ስሰማው ሆዴ ይባባል። ልጅሽ የያዘችው ቅጂ ውስጥ የእንጀራ እናቷ የለችም፣ ቀጥታ ወደ ጭብጨባው ይገባል። መልሺላት እባክሽ።

እኔ ምን እያደረግሁ መሰለሽ? ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የኮንዶሚኒየማችንን ልጆች መኪና ማቆሚያው ላይ እሰበስባለሁ። ዝናብ ከሆነ ደረጃው ሥር። ሕጌ አንድ ነው፦ ትልቆቹም ትንንሾቹም አብረው ይመጣሉ። መጀመሪያ የማስተምረው መቀበልን ነው። "ለምለም" ማለት የሦስት ዓመት ልጅም ይችላል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንም ተመልካች አይሆንም። ማውረዱን ትልልቆቹ ቀስ እያሉ ይለምዱታል። ወንዶቹም ነሐሴ 13 ለቡሄ በራሳቸው አውራጅ ሆያ ሆዬ አሉ። አውራጁ የየቤቱን ሰው እያየ ግጥም ሲገጥም፣ የተቀሩት "ሆ!" ሲሉ ብታያቸው! አንዱ ጎረቤታችን ሲወደስ ደስ ብሎት ወደ ውጭ ወጥቶ አብሯቸው ጨፈረ።

አንቺም እንደዚህ አድርጊ። ስፒከሩን አጥፊው። የጓደኞቿን ታናናሾች ሰብስቢና "ለምለም"ን ለእነሱ ስጫቸው፣ ቢዛነፍም ይዛነፍ። ከመድረኩ በፊት ደግሞ የሁለት የሦስት ሐበሻ ቤት በር ያንኳኩ፣ ይህ ዘፈን ደጃፍ ላይ ነው የሚያምረው።

አሁን ወደ ልመናዬ። እናትሽ ጎጃም ልጅ ሆነው የሚሉት አበባዮሽ ከኛ ይለይ ነበር፣ ማጀት ሆነው ሲያንጎራጉሩት ሰምቻለሁ፣ ዜማውም ረጋ ያለ ነው። ቡና ሲፈላ ጠይቂያቸውና ቅረጪልኝ፣ አንቺ ተቀበያቸው፣ ብቻቸውን እንዳይሆኑ። እኔ አጥንቼ ለልጆቹ አወርደዋለሁ። ከመስከረም 1 በፊት እንዲደርሰኝ አደራ፣ ጳጉሜን ላይ መለማመድ አለብን። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም ሳሚልኝ።

አብሮ አደግሽ