ሽማግሌ የዳኘው ስም መዝገብ ላይ አይወጣም

ለአዘጋጁ፦

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ስቴቶች ሕዝብ በኢንተርኔት የሚያየውን የወሲብ ወንጀለኞች መዝገባቸውን እንዲያሻሽሉ ገንዘብ ይሰጣል። ይህ ሲነሳ «ለአንድ ዌብሳይት ይህ ሁሉ ወጪ ምንድነው?» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ነገሩ ዌብሳይት ማሳመር ቢሆን ኖሮ እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ።

ትልቁ ሥራ ያለው አድራሻ ማጣራቱ ላይ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የአዳም ዋልሽ ሕግ ተመዝጋቢዎችን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። ቀላሉ 15 ዓመት፣ መካከለኛው 25 ዓመት፣ ከባዱ ዕድሜ ልክ መዝገብ ላይ ይቆያል። ይሄ ከባዱ በየሦስት ወሩ በአካል መቅረብ አለበት። ቤት ወይም ሥራ ሲቀይርም በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ዝም ቢልስ? ሄዶ በሩን የሚያንኳኳ መርማሪ ያስፈልጋል። ከሜሪላንድ ተነስቶ ቨርጂኒያ ቢገባ ደግሞ የሁለቱ ስቴቶች መዝገቦች መገናኘት አለባቸው። ገንዘቡ ለዚህ ከዋለ አይቆጨኝም።

ሕጉን ያላሟላ ስቴት ከፌዴራል የፍትሕ ድጎማው 10 በመቶ ይቆረጥበታል። ብዙዎቹ ግን እስካሁን አላሟሉም፤ ማሟላቱ ከቅጣቱ በላይ ያስወጣናል ባዮችም አሉ። የእኛዋ ሜሪላንድ ካሟሉት ውስጥ ናት።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የእኛው ቤት ነው። መዝገቡ ላይ የሚወጣው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለው ሰው ብቻ ነው። የፍትሕ ሚኒስቴር የስታቲስቲክስ ቢሮ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ለፖሊስ በተነገሩ የወሲብ ጥቃቶች ከተጎዱት ልጆች 93 በመቶ የሚሆኑት አጥቂያቸውን ያውቁታል። ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ የቤተሰብ ወዳጅ ነው።

እኛ ጋ ታዲያ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይጠራል። ሳሎን ውስጥ ቡና ይፈላል፤ ልጅቷ መኝታ ቤት ሆና ድምፃቸውን ትሰማለች። «ስሟ ይጠፋል፣ ነገ ማን ያገባታል?» ይባላል። «ለፈረንጅ ፖሊስ ገመናችንን እናውጣ?» ይባላል። ሰውዬው ጉልበት ስሞ ይቅርታ ይጠይቅና ወር ሳይሞላው ሌላ ስቴት ይገባል። እዚያ ማንም አያውቀውም። ስሙን መዝገብ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ መዝጋቢዎቹ ስለሰነፉ ሳይሆን እኛ ስላልነገርናቸው። ሽምግልናን አልንቅም፤ ስንቱን ትዳር አትርፏል። ልጅ የተደፈረችበትን ጉዳይ ግን ሽማግሌ ሊዳኘው አይገባም። የሜሪላንድ ሕግም በልጅ ላይ ጥቃት ደርሷል ብሎ የጠረጠረ ማንኛውም ሰው እንዲያመለክት ያስገድዳል።

የመኖሪያ ወረቀት ነገር ፈርተው ዝም የሚሉ እናቶችም አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን የአንዳንድ ከባድ ወንጀሎች ተጎጂ ሆነው ከፖሊስ ጋር ለተባበሩ ሰዎች ዩ ቪዛ የሚባል፣ እዚህ አገር ለመቆየት የሚያስችል ፈቃድ አለ። ጠበቃ ያማክሩ።

ስለዚህ ከድጎማው ትንሽ ተቆርሶ ለቋንቋ ይዋል እላለሁ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ በአማርኛ ይጽፋሉ። የዋሽንግተን ዲሲም ዋና ዋና ሰነዶች በአማርኛ ይተረጎማሉ። ጥቃት ሲደርስ የት እንደሚነገር፣ መዝገቡ እንዴት እንደሚታይ የሚያስረዳ አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ምን ያህል ያስወጣል? በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየሀበሻ ሱቁ በር ላይ ይለጠፍ። መዝገቡ ላይ ያለን ሰው ማስፈራራትና ማዋከብ ወንጀል መሆኑም አብሮ ይጻፍበት። እኛ ሰዎች አንዳንዴ እንቸኩላለን።

እስከዚያው እናንተ አንድ ነገር ልታደርጉ ትችላላችሁ። የልጆች ጥቃት መከላከያ የስልክ መስመሩን፣ ቻይልድሄልፕ 1-800-422-4453ን፣ በየሳምንቱ ከማስታወቂያዎቻችሁ ጎን አውጡልን።

አንዲት እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ