ስለ ሜሪዲያን ሂል ፓርኩ ደብዳቤ

ሰላም የእሁድ እግር ጉዞ ወዳጆች፣

ባለፈው የጀመርነው ክርክር በር ላይ ተንጠልጥሎ ስለቀረ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ለዋሽንግተን ዲሲው ሜሪዲያን ሂል ፓርክ ፖሊስ ይጨመርልን የሚለውን ደብዳቤ እኔ እንዳለ አልፈርመውም። ፖሊስ አይኑር ማለቴ አይደለም፤ ሲመሽ በፏፏቴው ደረጃ ብቻዋን የምትወርድ እህት ፍርሃቷ የእውነት ነው። ግን ቦታው የፌዴራል መሬት መሆኑን አንርሳ። ትንሽ ማሪዋና በኪስ መያዝ በዲሲ ሕግ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቢፈቀድም ከፓርኩ አጥር ውስጥ ግን በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፣ ይህን የማያውቅ ጎረምሳ ደግሞ መአት ነው (የኛዎቹም ጭምር)። ሳር ላይ አንሶላ ዘርግቶ ወይን በኩባያ የሚጠጣውና ቢራውን በወረቀት ከረጢት ጠቅልሎ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ እኩል ካልታዩ፣ ጥበቃው ለማን ነው?

በ1990 (እ.ኤ.አ.) እኮ ሰፈርተኛው ራሱ ተደራጅቶ ማታ ማታ ይዞርበት ነበር። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፓርኩ የሚመታው የእሁዱ ከበሮም እስካሁን አለ።

ደብዳቤው ላይ ሁለት ነገር ይግባ፦ ፖሊሶቹ በመኪና ሳይሆን በእግር ይዙሩ፣ ማንን ለምን እንዳስቆሙም በየወሩ ይነገረን። እህት ወንድሞች፣ የማትስማሙ እሁድ 9 ሰዓት ከበሮው ጋ እንገናኝ፤ ሻይ በፔርሙስ ይዤ እመጣለሁ።