የተቆረጠው የሴፔህሪ ሥዕል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ኢራናዊው ገጣሚና ሠዓሊ ስለ ሶህራብ ሴፔህሪ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ስለ ግጥሙ የተባለው ጥሩ ነው። ሥዕሉ ላይ ግን ሁለት ነገር ተበላሽቷል። የዛፍ ግንዶቹ ሥዕል በአንድ ዓምድ እንዲገባ ሲባል የግራው ጎን ተቆርጦ ባዶው ክፍል ጠፍቷል፤ ከሥሩ ደግሞ «በጅምር የቀረ» የሚል መግለጫ ገብቷል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፤ ባዶው ቦታ ሠዓሊው ሳይደርስበት የቀረ መስሏችኋል።

ሴፔህሪ (እ.ኤ.አ. 1928–1980) የበረሃ ጠርዝ ላይ ያለችው የካሻን ሰው ነው። በ1953 ከቴህራን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተመረቀ፤ በ1957 ፓሪስ ሄዶ በድንጋይ ማተምን (ሊቶግራፊን) ተማረ፤ በ1960 የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ሊማር ቶኪዮ ገባ። ጸሐፊው ፓሪስ ላይ ሦስት አንቀጽ አጥፍቶ ቶኪዮን በአንድ ሐረግ አልፏታል። እኔ ብሆን ተቃራኒውን ባደረግሁ።

የጃፓን የእንጨት ኅትመት ሥራው ራሱ ቁጠባን ያስተምራል። መጀመሪያ መስመሩ በስስ ወረቀት ላይ ይሣላል፤ ወረቀቱ በፊቱ ተደፍቶ ቼሪ ጣውላ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ መስመሩ ብቻ ቆሞ እስኪቀር ሌላው በመሮ ይነሣል። ለእያንዳንዱ ቀለም ደግሞ የራሱ የጣውላ ገጽ ይቀረጻል። አምስት ቀለም የፈለገ ከመስመሩ ሌላ አምስት ገጽ መቅረጽ አለበት። ቀለሙ በውሃ የተበጠበጠ ነው፤ ከጥቂት የሩዝ ሙጫ ጋር ጣውላው ላይ በብሩሽ ይዳረሳል፣ እርጥበት የያዘ ወረቀት ይነጠፍበታል፣ ጀርባው ባረን በሚባል፣ በቀርከሃ ልባስ በተጠቀለለ ክብ ማሻ ይታሻል። ማተሚያ መኪና የሚባል ነገር የለም። ጣውላው ላይ የተቀረጹ ሁለት ምልክቶች፣ አንዱ የወረቀቱን ማዕዘን፣ ሌላው ጠርዙን ይይዛሉ፤ ወረቀቱ በየቀለሙ እዚያው ቦታ የሚያርፈው በእነሱ ነው።

የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ወረቀቱ በሥራው መሐል ከደረቀ ይጠብባል፤ ምልክቱን ቢይዝም ቀለሙ ከመስመሩ ይወጣል። ሙጫው ካነሰ ኅትመቱ ሰሊጥ የተበተነበት ይመስላል፤ ጃፓኖቹም በሰሊጥ ስም ነው የሚጠሩት። ከበዛ ደግሞ ቅርጹ ጠርዝ ላይ ተከማችቶ ይጨማለቃል። አንድ ቀለም መጨመር አንድ ገጽ መቅረጽ በሆነበት ሙያ የሰለጠነ ሰው፣ ሸራውን ለመሙላት ብቻ ብሎ ቀለም አይደፋም።

ሌላው ከዚሁ ሙያ የሚገኘው ትምህርት የአቆራረጥ ነው። ጃፓናዊው የእንጨት ኅትመት ሠዓሊ ሂሮሺጌ በ1857 ባሳተመው የካሜይዶ የፕለም አትክልት ሥዕል ላይ ግንዱ ከፊት ለፊት ተደንቅሮ፣ ጫፉ በጠርዙ ተቆርጦ ይታያል። ሴፔህሪም ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሠራቸው የግንድ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ሥርም ቅጠልም አያሳይም፤ ግንዶቹ ከላይም ከታችም በጠርዙ ተቆርጠው ይቆማሉ። በእኔ ግምት ይህን ዓይን ያገኘው ከኅትመቱ ነው። እንግዲህ እሱ አንዴ ለክቶ የቆረጠውን ነው እናንተ መልሳችሁ የቆረጣችሁት።

በጽሑፋችሁ «ሁለት ሦስት ጊዜ ብሩሽ ጣል አድርጎ» ለተባለው ደግሞ የምሥራቅ እስያን የቀለም አሠራር ማየት ይበቃል። ጥቁሩ ቀለም ጥቀርሻና የእንስሳት ሙጫ ተለውሶ የደረቀ ዱላ ነው (ጥቀርሻው ለእኛ ቁም ጸሐፊዎችም እንግዳ አይደለም)። ድንጋይ ላይ በጥቂት ጠብታ ውሃ፣ ሳይጫኑ፣ ቀስ እያሉ ይፈጩታል። የተቻኮለ ሰው ቀለሙ ይሻክርበታል። ተፈጭቶ ያደረ ቀለም ሙጫው ስለሚበላሽ ይሸታል፣ ወረቀቱንም በደንብ አይይዝም። ብሩሹ መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ፣ ቀጥሎ እስከ ግማሹ ግራጫ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ጥቁር ይጠጣል፤ ጋደም አድርገው በአንድ ትንፋሽ ሲጎትቱት ከጥቁር እስከ ግራጫ በአንድ ምት ይወጣል፣ ግንዱም ድቡልቡል ሆኖ ይታያል። ልል ወረቀት ቀለሙን ወዲያው ይመጠዋል። ለማስተካከል ተብሎ ሁለተኛ ከተኬደበት ሲደርቅ እንደ ልጥፍ ይታያል፤ መደምሰስ የለም። ስለዚህ ምቱ ሲያንስ ሥራው አያንስም።

ልዩነቱን ግን አልክድም፤ ሴፔህሪ ጃፓንን አልገለበጠም። የጃፓናዊውን ሠዓሊ የሃሴጋዋ ቶሃኩን (1539–1610) የጥድ ዛፎች ሥዕል ብንወስድ ባዶው ጉም ነው፤ ዛፎቹ ወደ ነጩ ወረቀት ይሟሟሉ። የሴፔህሪ ባዶ ደረቅ ነው። አብዛኞቹ ግንዶች በዘይት ቀለም ሸራ ላይ የተሠሩ ናቸውና ወረቀቱ ራሱ ነጭ ሆኖ አይቀርለትም፤ ባዶውን መቀባት ነበረበት። የቀባውም በአመድ፣ በጭቃና በገለባ መልክ ነው፤ ካሻን ዙሪያ ያለ አፈር። ወደ ቀኝ የተጠጉት ግንዶች የቆሙት በግራ በኩል ባለው በዚያ አፈርማ ስፋት ተደግፈው ነው። እናንተ የጣላችሁት እሱን ነው።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ሥዕሉ ጠርዙ ሁሉ እየታየ፣ በቀለም፣ ከነሙሉ መጠኑ ይታተም። ገጹ ከጠበበ ከመቁረጥ ማሳነስ ይሻላል። ዳራው ነጭ ወረቀታችሁ ላይ እንዳይጠፋም ዙሪያውን የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር ይደረግበት። ፎቶው ሲስተካከል «ይንጣ» ተብሎ ብርሃኑ ከፍ ከተደረገ አመዱና ገለባው አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናሉ፤ እሱም ሌላ መቁረጥ ነው። ከሥሩም በ«በጅምር የቀረ» ፋንታ የሥዕሉ ስም፣ ዓመቱ፣ በምን እንደተሠራ፣ ቁመቱና ስፋቱ በሴንቲ ሜትር ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥዕልና የኅትመት ጥበብ መምህር
አዲስ አበባ